ለፎዚያ ኮሌጅ ስንፈልግ

ጡረታ የወጣሁ ለት ጋቢ አልብሰውኝ፣ ለስላሳ ከፍተን፣ ፎቶ ተነሥተን ስናበቃ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ቁልፉን ተቀበለኝና የጥርስ ክፍሉን ዓይኔ እያየ ቆለፈው።

«መቼ ነው የሚከፈተው?» አልኩት።

«ሰው ሲገኝ ነዋ፣ ሲስተር።»

ሰው ሲገኝ! ወንበሩ ይሠራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ውኃውም አልፎ አልፎ ቢጠፋ ነው። የጎደለው ሰው ብቻ ነበር። ያንን ሰው ደግሞ አውቃታለሁ፤ ፎዚያ ትባላለች፣ ያኔ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቷን ጀምራ ነበር። «ግድ የለም፣ ትንሽ ነው የቀራት» ብዬ ራሴን አጽናንቼ፣ ጋቢዬን እንደለበስኩ ባጃጅ ተሳፍሬ ቤቴ ገባሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ያ በር እንደተቆለፈ ነው።

ስሜ አበራሽ ነው። ጭሮ ላይ አበራሽ ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም አያውቃትም፤ «የጥርሷ ሲስተር» ካላችሁ ግን ቤቴ ድረስ ያመጧችኋል። ትልልቆቹ ሰዎች ከተማውን አሁንም አሰበ ተፈሪ ነው የሚሉት፤ እኔም አፌ ላይ የመጣልኝን እላለሁ።

ሥራዬ ጥርስ ማጠብ ነበር። ይህን ስል የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። መንቀልማ ጉልበትና ድፍረት ያለው ሁሉ ይነቅላል። እንዳይነቀል ማድረግ ነው ሥራው። ሰው ሳያውቀው ከድዱ ሥር ድንጋይ ይጋገርበታል፤ ቡናማ፣ አንዳንዱም ጥቁር። ያንን ድንጋይ በቀጭን ብረት፣ ድዱን ሳይቆርጡ፣ የጥርሱን ገላ ሳይጭሩ፣ ፈልፍሎ ማውጣት ነው። እኛ አገር ደግሞ ጫቱ አለ። ከምሳ በኋላ በአንድ ጉንጭ ይያዛል፣ ስኳሩ ይቃማል፣ ለስላሳው ይከተላል፣ እስከ ማታ አፍ አይጉመጠመጥም። ጥርሱ ራሱ ደህና ነው፣ ቀዳዳ የለው፣ ምን የለው፤ ድዱ ግን እየሸሸ እየሸሸ ሄዶ አንድ ቀን ጥርሱ ከነሥሩ እጅ ላይ ይወድቃል።

ጥርሱ ያለቀ ሰው ጫቱን ይተዋል ብላችሁ እንዳታስቡ። በትንሽ ሙቀጫ ያስወቅጣል። ከዙህር ሶላት በኋላ በሰፈራችን ብታልፉ ካንዳንዱ ግቢ ቱክ ቱክ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። እንግዳ ሰው ቡና የሚወቀጥ ይመስለዋል። እኔ ግን ድምፁን በሰማሁ ቁጥር በዚያ ቤት አንድ ሰው መንጋጋው እንዳለቀ አውቃለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ ድምፅ መሀል ነው ወደ ቤቴ የተመላለስኩት።

ሥራ የጀመርኩት ቦርደዴ ነው፣ በረሃው ላይ። ያኔ ገና ጤና ረዳት ነበርኩ፣ ስለ ጥርስ የማውቀው ነገር አልነበረም። ወንበር የለ፣ መብራት የለ፤ በሽተኛውን በረንዳ ላይ በፀሐይ አስቀምጬ አፉን አያለሁ፤ ላቤ መነጽሬ ላይ ይንጠባጠባል። ቀጥሎ መቻራ ተላክሁ። መቻራ የቡና አገር ነው፤ ሰዉ ቡናው እስኪሸጥ ድረስ ጥርሱን እያመመው ይሰነብትና እጁ ላይ ሳንቲም ሲገባ ፊቱ እንደ ዳቦ አብጦ ይመጣል። ከዚያ በኋላማ ምን ማጠብ አለ? መንቀል፣ መግል ማፍሰስ፣ የባሰበትን በዚያ መንገድ እያንገጫገጩ ወደ ጭሮ መላክ። ደመወዙ ምን ነበር ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ የሚወራ ደመወዝ አልነበረም።

ጭሮ ስዛወር ጋሽ ደበበን አገኘሁ። ጋሽ ደበበ የጥርስ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ነጭ ጋውናቸውን ራሳቸው የሚተኩሱ ሰውዬ። ሥራ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ናቸው፤ በሽተኛው ሲቀመጥ መጀመሪያ መስታወት ይሰጡታል። «አፍህ የራስህ ነው፣ አንተ ሳታየው እኔ አልነካውም» ይሉታል። ሲጨርሱ ደግሞ «በምላስህ ዳሰው» ይላሉ። ሰውየው ምላሱን በታችኛው ጥርሱ ኋላ ያሳልፍና ፊቱ ይበራል። ለረጅም ዓመት ሻካራ የነበረው ነገር ለስልሶ ሲያገኘው ልጅ ይሆናል። እኔ ሥራውን የወደድኩት በዚያች ቅጽበት ነው ብል አልዋሸሁም።

ዓርብ ዓርብ ሰዉ ለጁምዓ ሲሄድ ክፍሉ ጭር ይላል። ጋሽ ደበበ ያን ሰዓት አያባክኑትም። ከኪሳቸው ጥቁር የስለት መሳያ ያወጣሉ፣ ዘይት ጠብ ያደርጉበታል፣ ስኬለሮቹን፣ ድንጋይ ማውጫ ብረቶቹን፣ አንድ በአንድ ይስላሉ። ስለቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይፈትኑታል፤ ጥፍሩን ከነከሰ ደህና ነው፣ ከተንሸራተተ እንደገና። «ደነዝ ብረት ድንጋዩን አያወጣውም፣ ያለሰልስና ይሸፍነዋል» ይሉ ነበር። ደግሞ ጣት አለ። ብረቱን ከማንቀሳቀስ በፊት የቀለበት ጣትን አጠገብ ባለው ጥርስ ላይ ማሳረፍ አለ። እኔ በችኮላ የረሳሁ እንደሆነ እጄን ቸብ! ያደርጉኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ጣትሽ ሳያርፍ እጅሽ አይሂድ። በሽተኛው ቢወራጭ የት ልትወጊው ነው?»

«ረሳሁት፣ ጋሽ ደበበ።»

«እጅሽ እንጂ አንቺ አይደለሽም ማስታወስ ያለበት።»

በኋላ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ለስልጠና ላከኝ። ማደሪያ ተሰጥቶኝ፣ የኪስ ገንዘብ ተቆርጦልኝ፣ ተምሬ ተመለስኩ። እኔ ኮሌጅ ፈልጌ አላውቅም፤ ኮሌጁ ነው እኔን የፈለገኝ። ለዚህ ነው ወደፊት የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ሲመጣ ቶሎ ያልገባኝ።

አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ ክፍሉን መጋዘን ሊያደርገው ፈልጎ ጥርሱን ሲያመው ተወው። ሌላዋ ደግ ነበረች፣ ጓንት አሳጥታን አታውቅም። እነሱን እዚህ ላይ ልተዋቸውና ወደ አዴ ሞሚና ልምጣ።

አዴ ሞሚና ጫት ነጋዴ ናት፣ የሰፈሬ ሰው። በጫት ተራ ከእሷ በላይ ድምፅ ያለው የለም፤ አንድ ዙርባ ጫት ስትሸጥ ሦስት መንደር ይሰማል። አንድ ቀን ወደ ክፍላችን መጣችና አፏን ከፈተች። የታች ፊት ጥርሶቿን ከኋላ ድንጋይ እንደ ግንብ ይዟቸዋል። ጋሽ ደበበ ያን ቀን ፈቃድ ላይ ነበሩ። መስታወቱን ሰጠኋት። በአማርኛም በኦሮምኛም ነገርኳት፦ ድንጋዩ ሲወጣ ጥርሶቹ ይነቃነቃሉ፣ አጥንታቸው አስቀድሞ አልቋል፣ አሁን ያቆማቸው ድንጋዩ ነው፤ ካልወጣ ግን ሌሎቹንም ይዞ ይሄዳል።

«አቦ አንሺው! ይሸተኛል» አለችኝ።

አነሣሁት። ጣቴን አሳርፌ፣ ብረቱ ተስሎ፣ ድዷን ሳልቆርጥ፣ እንደዚያ ቀን ያለ ቆንጆ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ብዙም ሳይቆይ ግን አራቱም የፊት ጥርሶቿ ተራ በተራ ወለቁ። ሞሚና ጫት ተራ መሀል ቆመች። «ሲስተር ጥርሴን አጥባ ጨረሰችው! ወላሂ፣ ስሄድ ነበሩ፣ ስመለስ የሉም!» ከዚያ ወዲያ ማን ይምጣ? ወንበሩ ባዶውን ዋለ። ሰዉ መንገድ ላይ ሲያየኝ ከንፈሩን ይገጥማል። የነገርኳት ሁሉ ትዝ አይላትም፣ እሷ የምታስታውሰው ብረቱን ነው። ማታ ማታ ባሌ እንዳይሰማ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር።

ጋሽ ደበበ ሲመለሱ አልተቆጡኝም። መሳያቸውን አውጥተው ዘይት ጠብ አደረጉበትና «የሠራሽው ልክ ነው፤ ግን አንቺን ለምን ትመንሽ? ለእሷ ባለ ነጭ ጋውን ነሽ። ከሠፈሩ ልጆች አንዷን አስተምሪያት፤ በገዛ ቋንቋዋ፣ በገዛ እናቷ ማጀት ውስጥ የምትናገር» አሉኝ። ጡረታ ሲወጡ መሳያውንና የግል ስኬለሮቻቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። የቀብራቸው ዕለት ያለቀስኩትን ያህል ለአባቴም አላለቀስኩም።

ዓመታት አለፉ። እኔ ጡረታዬ ሲቃረብ አንዲት ልጅ ክፍሌን አንኳኳች። አየኋት፤ የሞሚና የመጨረሻ ልጅ፣ ፎዚያ። ማትሪክ አልመጣላትም።

«ሲስተር፣ የእርስዎን ሥራ መማር እፈልጋለሁ። እናቴ እንዳትሰማ።»

«ምን አሳየሽ?»

«እናቴ ስትስቅ አፏን በሻሿ ትሸፍናለች። ድሮ እንደዚያ አልነበረችም ይሉኛል።» ቀጥላም «እርስዎ አይደሉም ያወለቁት። ኢንተርኔት ላይ አንብቤያለሁ» አለችኝ።

ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው እንዲህ እንዲለኝ ስጠብቅ ኖሬያለሁ ለካ! የሆስፒታሉን አለቃ ሄጄ ጠየቅሁ። «ሙያውን ተምራ፣ የሲኦሲ ፈተና አልፋ፣ ፈቃድ ይዛ ከመጣች ነገ ዛሬ ሳልል እቀጥራታለሁ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ኮሌጅ ፍለጋ ጀመርን።

የመንግሥቱን ኮሌጅ ጠየቅን። ነርስ አለ፣ አዋላጅ አለ፣ ፋርማሲ አለ፤ ዴንታል ሃይጂን፣ የእኔው የጥርስ ማጠብ ሙያ፣ ግን «በጀት ሲፈቀድ» ነው። አዲስ አበባ ያለውን ደወልን። ጥሩ ነው፣ ወንበርም ሐኪምም አለው፤ ክፍያውን ሰምተን ቤት ኪራዩን ስንደምርበት ፎዚያ ስልኩን በቀስታ ዘጋችው። ሌላው ማታ ነው የሚያስተምረው፤ ለብቻዋ ለምትኖር ልጅ አይሆንም። ሌላው በስልክ የነገረን ክፍያ አንድ ነው፣ ሄደን ስንጠይቅ ሌላ። በመጨረሻ በአስፋልቱ መስመር ላይ፣ ፎዚያ አክስት ባላት ከተማ ውስጥ፣ አንድ የግል ኮሌጅ አገኘን። ክፍያው የሚቻል፣ ማደሪያው የአክስት ቤት። ለዚያም ቢሆን የሞሚና እሺታ ያስፈልጋል።

ለዓመታት ያልረገጥኩት ጫት ተራ ገባሁ። ገራባውን፣ የተጣለውን የጫት ቅጠል፣ እየረገጥኩ ፊቷ ቆምኩ።

«አዴ ሞሚና፣ እንደምን አለሽ?»

«አልሃምዱሊላህ። ጥርሴን ወሰድሽ፣ አሁን ልጄን ልትወስጂ መጣሽ?»

ለካ ሰምታለች። ፎዚያ ከኋላዬ መጥታ በኦሮምኛ ምን እንዳለቻት ሁሉንም አልያዝኩትም፤ የያዝኩት «እማ፣ እንደ አንቺ አፏን የምትሸፍን ሴት እንዳትኖር» ያለችውን ነው። ሞሚና ሳታስበው ልትስቅ አለችና ሻሿን ወደ አፏ ወሰደች። እጇ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። «ሂዱና እዩት» አለች፣ ፊቷን ወደ ጫቷ አዙራ።

ሄድን። የኮሌጁ ዲን ወጣት ነው፣ ትሑት፣ በደንብ ተቀበለን። ሁለት አዲስ ወንበሮች አሉ፣ ላስቲካቸው አልተነሣም። ፎዚያ ላስቲኩን በመዳፏ እየዳበሰች ፈገግ ትላለች። እኔ መሳቢያ ከፍቼ ስኬለር አነሣሁና በጥፍሬ ፈተንኩት። የፋብሪካው ቅባት እንዳለ ነው። አንድም እጅ አልያዘውም።

«ተግባሩን የሚያስተምረው ማን ነው?» አልኩት።

«ከአዲስ አበባ የሚመጣ መምህር አለን። የትምህርቱ ፈቃድ ደግሞ በሂደት ላይ ነው። አልደብቅዎትም እማማ፣ እኔም ያሳስበኛል። ግን ሁሉም ነገር በሆነ ቦታ መጀመር አለበት።»

ሰውየው አልዋሸንም። እኔም አልዋሸሁም። ማታውን ሞሚና ቤት ተቀምጠን ያየሁትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ላስቲኩን፣ ቅባቱን፣ «በሂደት ላይ» የሚለውን። ሞሚና ልጇን አየቻት።

«ሌላ አለ?» አለች ፎዚያ።

«በአቅማችሁ የለም።»

«እንግዲያው ይህ ነዋ!» አለች። ማል ጎና፣ ምን እናድርግ፣ አለች ሞሚና፤ ጉዳዩ በዚህ አለቀ።

የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር። መምህሩ ይመጣል፣ እነፎዚያ በፕላስቲክ መንጋጋ ላይ ይለማመዳሉ። ለዕረፍት ስትመጣ ዓርብ ቀን እኔ ጋ ትውላለች፤ የጋሽ ደበበን መሳያ እሰጣታለሁ፣ ትስላለች፣ በጥፍሯ ትፈትናለች። እጅ አላት! ጣት ማሳረፉን አንዴ ነው ያሳየኋት፣ ሁለተኛ አልነገርኳትም። ከእነዚያ ቀኖች በአንዱ እናቷን መስታወት ፊት አስቀምጣ፣ ድንጋይ ምን እንደሆነ፣ አጥንት እንዴት እንደሚያልቅ፣ በኦሮምኛ አስረዳቻት። ማታ በሬ ተንኳኳ። ሞሚና ናት።

«ሲስተር፣ አውፍ በይኝ። ሰው ፊት ስምሽን አጠፋሁ።»

ተቃቅፈን ተላቀስን። ጊዜ ሳላጠፋ «ነገ ነይ፣ የቀሩትን አያቸዋለሁ፤ ድድሽ እየደማ ነው አሉ» አልኳት። ያኔ ገና ሥራ ላይ ነኝ።

«አይሆንም። ለልጄ እጅ ነው የማቆያቸው። የመጀመሪያ በሽተኛዋ እኔ ነኝ።»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ! ጥርስ ይጠብቃል እንዴ? በቆየ ቁጥር ይብስበታል!»

«ኢንሻአላህ ይጠብቃል። አንቺን ፈርቼ አይደለም፣ ወላሂ። ለእሷ ነው።»

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። ፎዚያም ለመነቻት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እሷ ወደ ሌላ ሰው አልሄድም ማለቷ ሳያንስ ለጓደኞቿ ሁሉ ሳይቀር «ልጄ እስክትመረቅ ጠብቁ» ትላቸው ጀመር። ያን ያህል ያዋረደኝ አፍ ያን ያህል ሲያምን ሳይ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

እኔ ጡረታ በወጣሁ በጥቂት ወራት ውስጥ መምህሩ መምጣት አቆመ። ከዚያ ፈቃዱ ተከለከለ። ኮሌጁ ተማሪዎቹን ሰብስቦ «የጥርሱን ትምህርት ዘግተናል፣ የፈለገ ነርሲንግ ከአንድ ይጀምር» አላቸው። የተማሩት ሁለት ዓመት ለሲኦሲ አይቆጠርም። ተነሥቼ አዲስ አበባ ወደዚያ ጥሩው ኮሌጅ ሄድኩ፤ «ፈቃድ ከሌለው ተቋም አንቀበልም፣ ከመጀመሪያ ትጀምር» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ምን ይበሉ? ጤና ቢሮ ሄድኩ፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ፣ ሌላ ምንም አላደረጉልኝም። በዚያው ሰሞን የሞሚና ንግድ ተቀዛቅዟል፤ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት ነው፣ አንድ ቀን ዝግ፤ ጫት ደግሞ ካደረ ገራባ ነው። ከአንድ መጀመር የሚባል ነገር ቀረ።

ፎዚያ ቦርሳዋን ይዛ ተመለሰች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሞሚና አፏን ከፈተችላት።

«የፕላስቲኩን አልሠራሽም? የእኔን ሥሪ።»

«ያለ ፈቃድ የሰው አፍ አልነካም፣ እማ።»

«እኔ ሰው ነኝ? እናትሽ ነኝ!»

ፎዚያ ወደ እኔ አየች። አድርጊው እንድላት ነው የፈለገችው፣ ገብቶኛል። እኔ ደግሞ የሞሚናን ድድ አየሁ፤ መግል ይዟል። በማጀት ውስጥ በባትሪና በስልክ መብራት የሚሠራ አይደለም፣ ደም ቢፈስ ማን ያቆመዋል? «አይሆንም» አልኩ። ወደ ሆስፒታሉ ሄጄ ክፍሉን ለአንድ ቀን እንዲከፍቱልኝ ለመንኩ፤ ጡረተኛ ነሽ አሉኝ። ሌላ ከተማ ወዳለ ክሊኒክ እንውሰድሽ አልናት። ሞሚና ሻሿን አጣፋች። «ሌላ ሰው አይነካኝም ብያለሁ» አለች። ፎዚያ እናቷ ጋ ጫት ማሰር ጀመረች። ዓርብ ቀን እኔ ጋ መምጣቷንም ተወች። እኔ ብቻዬን እስላለሁ፤ ለምን እንደምስል ግን አትጠይቁኝ።

ባለፈው ከጸሎት ቤት ስመለስ ከሰዓት ሆኗል። በሞሚና ግቢ ሳልፍ ቱክ ቱክ ሰማሁ። እግሬ ቆመ። ከዚያ ግቢ ያ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። የቆርቆሮ በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ። ሞሚና ምንጣፏ ላይ ተቀምጣለች፣ ጉንጮቿ ወደ ውስጥ ገብተዋል፣ አፏንም አልሸፈነችም።

«ግቢ ሲስተር፣ ግቢ» አለችኝ፤ ቃሉ ያለ ጥርስ ሲወጣ እንደ ሌላ ሰው ሆነብኝ።

ፎዚያ ከጎኗ በርጩማ ላይ ነበረች፣ ሙቀጫውን በጉልበቶቿ መሀል ይዛ። ቀና ብላ አላየችኝም። በአንድ እጇ ዘነዘናውን እያነሣች ትጥላለች፤ የሌላው እጇ የቀለበት ጣት የሙቀጫው ጠርዝ ላይ አርፏል።